የጊታር አምፕ ፕሪአምፕ ቲዩብ ከመቀየራችሁ በፊት ትክክለኛውን ሶኬት እወቁ

አንድ ምሽት የጊታር አምፔ ላይ ሦስት ፕሪአምፕ ቲዩቦች (የጊታሩን ደካማ ድምፅ መጀመሪያ የሚያጎሉት ትናንሽ የመስታወት ቱቦዎች) ተራ በተራ ሰክቼ ሞከርኩ። ደብተሬ ላይ «የመጀመሪያው ሞቅ ይላል፣ ሁለተኛው ጆሮ ይወጋል፣ ሦስተኛው ጥርት ያለ ነው» ብዬ ጻፍኩና ረክቼ ተኛሁ። ጉዱ የገባኝ በማግስቱ ነው። ጊታሬ ተሰክቶ የነበረው ቫይብራቶ በሚለው ቻናል ነው፤ ስነቅልና ስሰካ ያመሸሁት ሶኬት ደግሞ የኖርማሉ ቻናል ነው። የጊታሬ ድምፅ በዚያ ቲዩብ በኩል ጭራሽ አላለፈም። ገጹን አልቀደድኩትም። አዲስ ቲዩብ ለመግዛት እጄን በበላኝ ቁጥር ገልጬ አየዋለሁ።

አምፔ ፌንደር ደሉክስ ሪቨርብ ነው፤ 22 ዋት፣ ባለ 12 ኢንች አንድ ስፒከር። ከኋላው ስታዩት ትናንሾቹ ቲዩቦች ስድስት ናቸው፤ አራቱ 12ኤኤክስ7፣ ሁለቱ 12ኤቲ7። በስተቀኝ ጥግ ያለው የኖርማል ቻናል ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው የቫይብራቶ ቻናል። ሦስተኛው ሪቨርቡን (ማስተጋባቱን) ይነዳል፤ አራተኛው የሪቨርቡን ድምፅ ይመልሳል፣ የቫይብራቶ ቻናሉንም ድምፅ እግረ መንገዱን ከፍ ያደርጋል። አምስተኛው የትሬሞሎው ነው (ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው፤ ፌንደር ቫይብራቶ ይለዋል)። ስድስተኛው ድምፁን ለሁለት ከፍሎ ስፒከሩን ለሚነዱት ትልልቆቹ 6ቪ6 ቲዩቦች ያቀብላል። የእናንተ አምፕ ሌላ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለጊታሩ መሰኪያ የሚቀርበው የመጀመሪያው ደረጃ ነው፣ ለትልልቆቹ ቲዩቦች የሚቀርበው የመጨረሻው። ካቢኔው ውስጥ የተለጠፈ የቲዩብ ሰንጠረዥ ካለ ከግምት ይሻላል።

ከሰንጠረዡም የሚሻል ዘዴ አለ። አምፑን አብሩ፣ ጊታራችሁን ሁልጊዜ በምትጠቀሙበት ቻናል ሰኩ፣ ቮሊዩሙን መካከል ላይ አድርጉና በእርሳስ ጀርባ ቲዩቦቹን አንድ በአንድ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ። በስፒከሩ ጎልቶ «ቶክ ቶክ» የሚለው የምትፈልጉት የመጀመሪያው ቲዩብ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔን ከአንድ ሙሉ ምሽት ባዳነኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቲዩብ ላይ ይህን ያህል የምሟገተው፣ እሱ የጨመረውን ሁሉ ከኋላው ያሉት ደረጃዎች ስለሚያጎሉት ነው፤ ጥሩውንም፣ ጫጫታውንም። የትሬሞሎው ቲዩብ ላይ ውድ ነገር መሰካት ግን ለድምፃችሁ ምንም አይጨምርም።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። አምፑን አጥፉ፣ ገመዱንም ከግድግዳው ንቀሉ። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ቲዩቦቹ እስኪቀዘቅዙ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ትናንሾቹን ቲዩቦች ለመቀየር የብረቱን ሻሲ ማውጣት አያስፈልግም፣ አታውጡት። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዘው ይቆያሉ፤ በእኔ አምፕ ውስጥ የሚዞረው ከ400 ቮልት በላይ ነው፣ ይገድላል። ሌላ ነገር፦ ቲዩብ አምፕን ስፒከሩ ሳይያያዝ አታብሩ። ኃይሉን ለስፒከሩ የሚያስተላልፈው አውትፑት ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል።

እኔ አምፑን ወፍራም ፎጣ ላይ በፊቱ አስተኛዋለሁ። በካቻቢቴ የላይኛውን የኋላ ጣውላ ብሎኖች ፈትቼ ሳነሳው ቲዩቦቹ በጎን ይታዩኛል። አንዳንዶቹ የብረት ቆብ አላቸው። ቆቡን ወደ ሶኬቱ ጫን አድርጋችሁ በግራ አዙሩት፣ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ራሱ ይገፋላችኋል። ቲዩቡን ከመስታወቱ ጫፍ ላይ ሳይሆን ከሥሩ፣ ለሶኬቱ ከሚቀርበው በኩል ያዙት። እየሳባችሁ በጣም ትንሽ ክብ እንደምትሥሉ አዙሩት። ግራና ቀኝ በሰፊው ካወዛወዛችሁት መስታወቱ ፒኖቹ ሥር ይሰነጠቃል።

ፒኖቹ ዘጠኝ ናቸው፤ በአንደኛውና በዘጠነኛው መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት አለ። ሶኬቱም እንደዚያው። ጨለማ ውስጥ ከሆናችሁ ክፍተቱን በአውራ ጣታችሁ ዳብሱት፣ በትክክል ሲገጥም ይሰማችኋል። እምቢ ካለ አትግፉት፤ አውጥታችሁ በባትሪ አብርታችሁ ፒኑን እዩት። የተጣመመ ካለ በቀጭን ፒንሳ ቀስ ብላችሁ አቃኑት። መስታወቱ ላይ የታተመውን ጽሑፍ ደግሞ አትሹት፣ በጣት ይለቃል። አንዱን ጥሩ ቲዩቤን ስም አልባ ያደረግሁት በዚህ ነው።

ባለ ዘጠኝ ፒን የሆነ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ኢኤል84 እዚያው ሶኬት ውስጥ ይገባል፣ ግን እንደ ትልልቆቹ ስፒከር የሚነዳ የኃይል ቲዩብ ነው። ኢሲሲ88ም ይገባል፣ የሂተሩ (ቲዩቡን የሚያሞቀው ክፍል) ሽቦ አያያዝ ግን ሌላ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ቁጥሩን ሁለቴ አንብቡ። የአውሮፓው ስያሜም ግራ እንዳያጋባችሁ፦ ኢሲሲ83 ማለት 12ኤኤክስ7 ነው፣ ኢሲሲ81 ማለት 12ኤቲ7፣ ኢሲሲ82 ማለት 12ኤዩ7።

ምን ልሰካ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለ ብራንድ ያወራል፤ እኔ ስለ ጌይን ነው የማወራው። የ12ኤኤክስ7 የማጉላት አቅም 100 ነው። 5751 ወደ 70 ዝቅ ይላል፣ 12ኤቲ7 ወደ 60፣ 12ኤዋይ7 ወደ 44፣ 12ኤዩ7 ደግሞ 20 ገደማ። ከ100 ወደ 70 መውረድ በወረቀት 3 ዴሲቤል ያህል ነው። ሲነገር ትንሽ ቢመስልም በእጅ ግን ይታወቃል። ሃምበከር (ጠንከር ያለ ድምፅ የሚልክ ፒክአፕ) ባለው ጊታሬ ቮሊዩሙ 4 ላይ ሲደርስ መሰባበር ይጀምር የነበረው ድምፅ፣ በቫይብራቶው ሶኬት 5751 ካስገባሁ በኋላ 5 አካባቢ ነው የሚሰባበረው። ስስ አድርጌ ስመታ ንጹሕ ይሆናል፣ ጠበቅ ሳደርግ ይቆጣል። የፈለግሁት ይህንን ነበር፤ ለዓመታት ግን የተሻለ 12ኤኤክስ7 ፍለጋ ነበር የምዞረው። 12ኤቲ7ንም እዚያው ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል፣ ነገር ግን ቲዩቡ የተሠራው ከፍ ላለ ከረንት ስለሆነ ለ12ኤኤክስ7 በተዘጋጀ ሰርኪት ውስጥ ለጆሮዬ ፈዘዘብኝ። ፌንደር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትዊድ በሚባሉት ጨርቅ የለበሱ አምፖቹ የመጀመሪያ ሶኬት ላይ 12ኤዋይ7 ያደርግ ስለነበር፣ የዚያን ዘመን ድምፅ የሚወድ ከሱ ይጀምር።

ሪቨርቡ ከ2 ሲያልፍ ዋሻ ውስጥ ለሚከታችሁ ደግሞ፣ በሦስተኛው ሶኬት ባለው 12ኤቲ7 ፋንታ 12ኤዩ7 ሰኩ። እኔ ካደረግሁት ወዲህ ቁልፉን እስከ 4 ድረስ ያለ ሐሳብ አዞረዋለሁ።

ስለ ብራንድ ጥቂት ልበል። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ስሞች ብዙ ቢሆኑም ፋብሪካዎቹ ጥቂት ናቸው። ጄጄ የሚሠራው ስሎቫኪያ ውስጥ ነው፤ ሶቭቴክ፣ ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስና ተንግ ሶል ሦስቱም ሩሲያ፣ ሳራቶቭ ካለው አንድ ፋብሪካ ይወጣሉ። ስለዚህ ካርቶኑ ሌላ ስለሆነ ድምፁም ሌላ ነው ብላችሁ አትነሡ። ለድሮ ቴሌፉንከንና ሙላርድ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ በመሣሪያ የተለካ ብቻ ግዙ።

ማወዳደሪያዬ ሉፐር ፔዳል ነው። ሃያ ሰከንድ የሚሆን ነገር እጫወትና እቀዳለሁ፤ ከዚያ ያንኑ ቅጂ ወደ አምፑ እየላክሁ ቲዩብ እቀይራለሁ። እጄ ሲለዋወጥ የነበረውን ሁሉ ለቲዩቡ ስሰጥ ኖሬያለሁና። የስልኬን መቅጃ ከስፒከሩ ፊት እዚያው ቦታ አስቀምጣለሁ፣ ምክንያቱም አንዱን ቲዩብ አቀዝቅዞ ሌላውን አሙቆ እስኪሰሙ ድረስ ጆሮ የቀድሞውን ይረሳል። ሳዳምጥም ሁለቱን ቅጂዎች በድምፅ ከፍታ አስተካክላለሁ፤ ጎላ ያለው ሁልጊዜ «የተሻለ» ይመስላል። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ ቅጂዎቹን ስማቸውን ደብቆ አሰማኝ። 5751ን በየጊዜው አወቅሁት። ሁለቱን 12ኤኤክስ7 ግን ከቶ መለየት አልቻልኩም፤ አንደኛው የሌላኛው ሦስት እጥፍ ዋጋ ነበረው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ያለው ቲዩብ የታመመ አለመሆኑን አረጋግጡ። በእርሳስ ስትነኩት እንደ ደወል የሚያቅጨለጭል፣ ወይም ሳትነኩትም ኖታ ሲመታ አብሮ የሚጮህ ከሆነ ማይክሮፎኒክ ሆኗል። ጫፉ ላይ ያለው ብርማ ቅብ ወደ ነጭ ከተለወጠ አየር ገብቶበታል፣ አልቆለታል። «አምፔ ድምፁ ሞተ» ብሎ የሚመጣ ጓደኛ ሲኖር መጀመሪያ ይህንን ነው የማየው። ጤነኛነቱን የማውቀውን አንድ 12ኤኤክስ7 ሁልጊዜ አስቀምጣለሁ፤ አንድ ሶኬት እየቀየርሁ ጫጫታው ሲጠፋ በሽተኛው ተገኘ ማለት ነው። ሁለት በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ ግን የትኛው እንደነበር አታውቁም።

ትናንሾቹ ቲዩቦች ባያስ (ቲዩቡ ሥራ ላይ የሚያሳልፈው ከረንት) ማስተካከል አይፈልጉም፤ ካቶዱ ላይ ያለው ሬዚስተር ራሱ ይይዛቸዋል። 6ቪ6፣ 6ኤል6 ወይም ኢኤል34 የምትቀይሩ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለባለሙያ ስጡት።

ያወጣችሁትን ቲዩብ አትጣሉ። በአዲሱ ካርቶን ውስጥ ክተቱትና ከየትኛው ሶኬት እንደወጣ፣ መቼና ለምን እንደወጣ ካርቶኑ ላይ ጻፉ። የእኔ መሳቢያ ውስጥ «ቁጥር 1፣ ኖርማል፣ ምንም አልነበረበትም» የሚል ሦስት ካርቶን አለ።