አሜሪካ አዲስ ገብታችሁ ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሥራ ለምትፈልጉ፦ ቼክ ከላኩላችሁ እንዳትነኩት

«ቤቴ ሆኜ የምሠራው ሥራ አገኘሁ፣ እውነት ይሆን?» አሜሪካ ገና ከገቡ ሰዎች የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው። የሚያናድደኝ ብዙዎቹ የሚጠይቁት ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥራቸውን ከላኩ በኋላ መሆኑ ነው። ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ እንጂ!

ሥራው አለ። ግን እንደ ማንኛውም ሥራ ማመልከቻ፣ ቃለ መጠይቅና ስልጠና አለው። ለእኛ ሰው በጣም የሚቀርበው የስልክ አስተርጓሚነት ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚችል ሰው ይፈለጋል። ቋንቋውን መቻል ብቻውን ግን አይበቃም። የሕክምና አስተርጓሚዎችን የብቃት ማረጋገጫ ፈተና ለመውሰድ ቢያንስ የ40 ሰዓት ስልጠና ይጠየቃል። ደግሞም ጣፊያና ቆሽት የሚምታታበት ሰው በሐኪምና በበሽተኛ መሀል ባይገባ ይሻላል።

ብዙውን ጊዜ ይህ ሥራ በ1099 ነው የሚከፈለው፤ ማለትም እንደ ቅጥር ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ግል ሠራተኛ። ታክስ የሚቆርጥላችሁ የለም። ገንዘቡ ሁሉ የእናንተ መስሏችሁ ትጨርሱትና ኤፕሪል ላይ፣ ግብር መክፈያው ሲደርስ፣ ጉድ ይፈላል። ከገቢ ግብሩ ሌላ፣ ለሶሻል ሴኪዩሪቲና ለሜዲኬር ብቻ 15.3 በመቶ ትጠየቃላችሁ። በደብሊው 2፣ ማለትም በመደበኛ ሠራተኛነት፣ ከተቀጠራችሁ ግማሹን አሠሪው ይሸፍናል። እኔ አዲስ ለገባ ሰው ደብሊው 2 ነው የምመክረው፣ ክፍያው ዝቅ ቢል እንኳ።

አሁን ወደ ቼኩ። እኔን የበላኝ እሱ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ሥራው መረጃ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነበር። ቃለ መጠይቁ በቴሌግራም፣ በጽሑፍ ብቻ። ድምፅ የለም፣ ፊት የለም። በዚያው ቀን «እንኳን ደስ አለህ» የሚል፣ የታወቀ ድርጅት አርማ ያለበት ደብዳቤ መጣ። ቀጥሎ ላፕቶፕና ፕሪንተር መግዣ ተብሎ ቼክ ተላከልኝ። በስልኬ ፎቶ አንስቼ አስገባሁት። በማግስቱ ገንዘቡ አካውንቴ ውስጥ ታየ። «ለዕቃ አቅራቢያችን በዜል ላክለት፣ የተረፈውን ከደመወዝህ እናስበዋለን» አሉኝ። ዜል በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ ነው። ላክሁ። ቀናት አልፈው ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ታወቀ። ባንኩ ሙሉውን መልሶ ወሰደና አካውንቴን ዕዳ ውስጥ ከተተው። ሄጄ ስከራከር «ያስገባኸውም አንተ፣ የላክኸውም አንተ» ተባልሁ።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ባንክ ቼክ ስታስገቡ፣ የቼኩ ባለቤት ባንክ በትክክል መክፈሉ ሳይረጋገጥ ገንዘቡን በአጭር ጊዜ እንድትጠቀሙበት እንዲፈቅድ ሕግ ያስገድደዋል። የቼኩ ሐሰተኛነት ግን ከሳምንታት በኋላም ሊታወቅ ይችላል። እስከዚያ የሚታያችሁ ገንዘብ ባንኩ እናንተን አምኖ የሰጣችሁ ነው። ቼኩ ከወደቀ ከእናንተ ይጠይቃል። ባንኮች ይህን ቼክ በምናስገባበት ገጽ ላይ በትልቁ ቢጽፉት ምን ይጎዳቸው ነበር? ለማንኛውም፣ እውነተኛ አሠሪ ኮምፒውተሩን ራሱ ይልካል እንጂ «ከላክንልህ ላይ ለእገሌ ላክ» አይልም። ይህን ካለ፣ ወሬውን እዚያው ቁረጡ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ቪዲዮ ላይክ በማድረግ ወይም ለዕቃ ኮከብ በመስጠት እንከፍላለን የሚሉ አሉ። መጀመሪያ ጥቂት ይከፍላሉ፣ ከዚያ «ቀጣዩን ደረጃ ለመክፈት» ክሪፕቶ አስገቡ ይላሉ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንደሚለው በ2023 ወደ 5,000 የሚጠጋ የነበረው የዚህ ዓይነት አቤቱታ፣ በ2024 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ብቻ ወደ 20,000 ደርሷል። ጥቅል ተቀብላችሁ ወደ ሌላ አድራሻ እንድትልኩ የሚጠይቁም አሉ። ዕቃው በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ነው፣ ፖሊስ የሚያገኘው ደግሞ የእናንተን በር ነው።

ከሁሉ የሚከፋው «ላፕቶፕ ቤትህ ሰክተህ ተወው» ወይም «ስምህን ብቻ አበድረኝ» የሚለው ነው። የሚጠይቀው የአገር ልጅ ሊሆን ይችላል። በ2025 አንዲት የአሪዞና ነዋሪ ለሰሜን ኮሪያ ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው የሚሠሩበትን ላፕቶፕ ቤቷ እያስቀመጠች አሜሪካ ያሉ በማስመሰሏ የ8 ዓመት ተኩል እስራት ተፈርዶባታል። ዜግነት ለሌለው ሰው ደግሞ መዘዙ ከእስርም ያልፋል። ይሉኝታ ይቅርባችሁ።

ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር የሚሰጠው ድርጅቱን ራሳችሁ ፈልጋችሁ፣ በድረ ገጹ ላይ ባለው ስልክ ደውላችሁ ካረጋገጣችሁና ሥራው ከተሰጣችሁ በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ መሥራት እንደተፈቀደላችሁ ለሚያረጋግጠው አይ 9 ቅጽ አሠሪው ሰነዳችሁን ሥራ በጀመራችሁ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ማየት አለበት። የትኛውን ሰነድ እንደምታሳዩ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። መንጃ ፈቃድና ገደብ ያልተጻፈበት ሶሻል ካርድ ይበቃል። «ግሪን ካርድ ካላሳየህ» ማለት ሕግ መጣስ ነው፣ ይህን የማያውቅ የሰው ኃይል ሠራተኛ ግን ሞልቷል።

ቁጥሩን አስቀድማችሁ ከላካችሁ፣ ዛሬውኑ የክሬዲት መዝገብ በሚይዙት በኢኩዊፋክስ፣ በኤክስፒሪያንና በትራንስዩኒየን ክሬዲታችሁን አስቆልፉ (ፍሪዝ)፣ በስማችሁ ሌላ ሰው ብድር እንዳይከፍት፤ በነጻ ነው። ገንዘብ ከላካችሁም ለባንካችሁ ወዲያው ደውሉ። ከዚያ «የተበላህን ገንዘብ አስመልስልሃለሁ፣ ቅድሚያ ክፈል» የሚል ሰው ይደውላል። ያው ሌባ ነው፣ ወይም ስልክ ቁጥራችሁን ከእሱ የገዛ። ዝጉበት።