ሌሊት ደንግጦ ለሚነቃ ሰው

ከአጣዬና ከአካባቢው ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ከተጠለሉት መካከል በር ሲንኳኳ ወይም ጎማ ሲፈነዳ ልባቸው እየደለቀ ከእንቅልፋቸው የሚነሡ አሉ፤ በዚያ ሰዓት «አይዞህ፣ አልፏል» የሚለው ቃል ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ የፈራው ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ሰውነትም ጭምር ነውና።

እንዲህ ሲሆን ተነሥተው በባዶ እግር ወለሉ ላይ ይቁሙ፤ የወለሉ ቅዝቃዜ ራሱ ያሉበትን ቦታ ያስታውሳል። ከዚያ ሁለቱን መዳፎች ግድግዳው ላይ አሳርፈው፣ ክንድዎና ጭንዎ እስኪወጠር ድረስ ለ10 ሰከንድ ያህል ይግፉ፣ ቀስ ብለው ይልቀቁ፣ 3 ጊዜ ይድገሙ። ቀጥሎ ጋቢ ወይም ከበድ ያለ የመንዝ ባና ትከሻ ላይ ደርበው ይቀመጡና እስከ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ ይሳቡ፤ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈርዎን አሹለው እስከ 6 ወይም 8 እየቆጠሩ ያስወጡ።

በድንጋጤ ጊዜ ጡንቻ ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይወጠራል፤ ግፊቱ ያንን ውጥረት ሥራ ላይ አውሎ ያላላዋል። ትንፋሽ ሲወጣ ደግሞ ከአንጎል ግንድ ወደ ልብ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ የልብ ምትን ያዘገያል፤ ስለዚህ ቁም ነገሩ በረጅሙ ማስወጣቱ እንጂ በጥልቅ መሳቡ አይደለም፣ አብዝቶ መሳብ ያዞራልና።

ዓይን መጨፈን ክፉ ትዝታ የሚቀሰቅስበት ሰው ዓይኑን ገልጦ ያድርገው። የደረት ሕመም ካለ ግን ይህን ሳይሞክሩ በቀጥታ ወደ ሕክምና ይሂዱ፤ ድንጋጤው ከ1 ወር በላይ ከዘለቀ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልጋል።