ወተት የመሰለ ፕላዝማ፦ የመሣሪያ ስህተት ነው ወይስ የቀይ ሴል ጉዳት?

የደም ቆጠራው ኤምሲኤችሲን (በቀይ ሴሎች ውስጥ ያለውን የሄሞግሎቢን፣ ማለትም የኦክስጅን ተሸካሚውን ፕሮቲን፣ ክምችት) 39 ብሎ ካወጣ፣ ከታካሚው በፊት ቁጥሩን ይጠርጥሩ። ልኩ በዴሲሊትር ከ32 እስከ 36 ግራም ነው፤ ቀይ ሴል ከዚያ ብዙ አልፎ ሄሞግሎቢን ማጨቅ አይሆንለትም።

ቱቦውን አቁመው ሴሎቹ እስኪዘቅጡ ይጠብቁ። ከላይ የቀረው የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ፕላዝማው፣ የጠራ ከሆነ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ከመሰለ ግን ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብ በዝቷል ማለት ነው። መሣሪያው ሄሞግሎቢንን በብርሃን ስለሚለካ፣ የስብ ጠብታዎቹ ብርሃኑን ሲበትኑት የሌለ ሄሞግሎቢን ይቆጥራል። የደም ማነስ ያለበት ሰው «ደህና ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ የሚሄደው እንዲህ ነውና ነገሩን በቀላሉ ማየት አይገባም።

መፍትሄው ናሙናውን በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ ሴሉን ከፈሳሹ በሚለይ መሣሪያ) አዙሮ፣ የደፈረሰውን ፕላዝማ ሴሎቹን ሳይነኩ መቅዳትና በዚያው ልክ ሳላይን (የጨው ውሃ) መተካት ነው። በቀስታ ቀላቅለው እንደገና ይለኩ። የቀይ ሴሉ ብዛት ከመጀመሪያው ንባብ ጋር ካልተቀራረበ የተካው መጠን ተዛብቷልና ይድገሙት። ነጭ ሴልና ፕላትሌት (ደም የሚያረጉት ቅንጣቶች) ከመጀመሪያው ንባብ ይወሰዱ።

ፕላዝማውን ያደፈረሰው ምግብ መሆኑን ለማጣራት ታካሚውን «ጾመው ነው የመጡት?» ብለው አይጠይቁ። አንዲት እናት «አዎን፣ ጾመኛ ነኝ» ብለውኝ ነበር፤ ጠዋት ግን ዘይት የጠገበ የሽሮ ፍርፍር በልተዋል። እሳቸው አልዋሹም፤ ጥያቄዬ ነበር የተሳሳተው። ከዚያ ወዲህ «ከትናንት ማታ ጀምሮ ከውሃ በቀር ምን ቀመሱ?» እላለሁ።

ቁጥሩ ተስተካክሎ የሴሎቹ ቅርጽ በስላይዱ ላይ ከተበላሸ ግን ነገሩ የቀይ ሴሉ ሽፋን ጉዳት ነው። የበሰለ ቀይ ሴል ኒውክሊየስ የለውም፤ ኮሌስትሮል ራሱ አይሠራም፣ ከፕላዝማው ጋር ይለዋወጣል እንጂ። ኮሌስትሮል ሲበዛበት ሽፋኑ ይደድራል። ከ7 እስከ 8 ማይክሮን የሚሰፋው ይህ ሴል ከእሱ በጠበቡ ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚያልፈው ተጣጥፎ ስለሆነ፣ መደደሩ ይጎዳዋል።

ኮሌስትሮልና ፎስፎሊፒድ (ሌላው የሽፋኑ ስብ) አብረው ሲገቡ ሽፋኑ ይሰፋል፤ መሃሉ ጠቆር ብሎ ዙሪያው ነጣ ያለ፣ ዒላማ የመሰለ ሴል ይታያል። (በብረት እጥረትም፣ ስላይዱ በዝግታ ሲደርቅም ይመጣልና አይቸኩሉ።) ኮሌስትሮል ብቻውን ሲከማች ሴሉ እሾህ ያወጣል፣ ጣፊያም ይሰባብረዋል። እሾሃማ ሴል ሲበዛ የስብ ምርመራ ብቻ አይበቃም፤ በጽኑ የታመመ ጉበት ሊኖር ስለሚችል የጉበት ምርመራ፣ ቢሊሩቢን (ቀይ ሴል ሲፈርስ የሚወጣው ቢጫ ቀለም) እና የሬቲኩሎሳይት (የአዳዲስ ቀይ ሴሎች) ቆጠራ ያስፈልጋል።

አልኮል አብዝቶ በሚጠጣ ሰው ላይ የዓይን ቢጫነት፣ የደፈረሰ ፕላዝማና የደም ማነስ አንድ ላይ ከመጡ፣ አሜሪካዊው ሐኪም ሌስሊ ዚቭ በ1958 እ.ኤ.አ. የገለጹትን ሕመም (የዚቭ ሲንድሮም) ያስቡና ሐኪሙን በዚያው ዕለት ይጥሩ። ዋናው ሕክምና መጠጡን ማቆም ነው፤ ከቆመ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ስቡም የሴሎቹ መሰባበርም ይረግባል።