«ለብሩ ነው የምትሰማኝ»፦ በቴራፒስትዎ እንደተከዱ ሲሰማዎት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በንግግር ለሚያክም የሥነ ልቦና ባለሙያ (ለቴራፒስት) ለማንም ያልነገሩትን ገበና ዘርግፈው፣ ዓይንዎ ገና እንባ እንዳቀረረ «ለዛሬ እዚህ ላይ እናቁም» ይባላሉ። በማግስቱ ሒሳቡ ይመጣል። የንስሐ አባትና የቡና ጎረቤት በነፃ ሲያዳምጡት ለኖረ ሰው ይህ እንደ ክህደት ቢሰማው አይገርምም። ስሜቱ ራሱ ጥፋት አይደለም፤ ነገር የሚበላሸው ከዚያ በኋላ በሚደረገው ነው።

ክፍያውን የፍቅር ዋጋ አድርጎ መቁጠር። የሚከፍሉት ለ45 ወይም ለ50 ደቂቃ ጊዜና ለሙያው ነው። የቴራፒስቷ ርኅራኄ ሒሳቡ ውስጥ አልተጻፈም፤ በገንዘብም አይታዘዝም። ክፍያው የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፦ ውለታን ይዘጋል። ጎረቤት ስታዳምጠን የእሷንም ማዳመጥ ይጠበቅብናል፤ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ሳይሉ ሰዓት ሙሉ ስለራስ ማውራት ነውር ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ይህ ዕዳ የለብዎትም። ሃንጋሪያዊው ሐኪም ሻንዶር ፌሬንጺ እ.ኤ.አ. በ1932 ተቃራኒውን ሞክሮ ነበር፤ ከአንዲት ታካሚው ጋር ተራ እየገቡ አንዱ የሌላውን ልብ መረመሩ። ታዲያ ሐኪሙ ሁሉን ልንገርሽ ቢል የሌሎች ታካሚዎቹን ምስጢር ሊያወጣ ሆነ።

ሳይናገሩ መቅረት። ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው፤ ይሉኝታ ለሚያጠቃን ለእኛ ደግሞ በጣም ቅርብ ነው። ሰው ቂሙን ይዞ ቀጠሮ ይሰርዛል፣ ስልክ አያነሳም፣ «ሁሉም አንድ ናቸው» ብሎ ይዘጋዋል። መጀመሪያ ስሜቱ የመጣበትን ቅጽበት በአንድ መስመር ይጻፉት፦ ሰዓቷን ስታይ ነው? የልጄን ስም ስትስት? ያልመጣሁበትን ቀን ስታስከፍለኝ? ቀጥሎ ባለው ቀጠሮ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ያንሱት። ኮት እየለበሱ በር ላይ ከተናገሩት መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አይኖርም፤ ያንኑ ቁስል ይዘው ይወጣሉ። አነጋገሩ ቀላል ይሁን፦ «ባለፈው ስለ እናቴ እያወራሁ ሰዓት አዩ። ከዚያ ወዲህ የሚሰሙኝ ለብሩ ብቻ ይመስለኛል።» ከዚያ መልሱን ይመልከቱ። ጥሩ ባለሙያ አትቆጣም፣ «ኧረ በፍጹም!» ብላም አታድበሰብስም፤ ወደዚያች ቅጽበት ተመልሳ ትጠይቃለች፣ አጥፍታ ከሆነ ታምናለች። ደጋግመው አንስተውት ራሷን ከመከላከል ካላለፈች ሌላ መፈለግ መብትዎ ነው።

በፈተና መለካት። ሆን ብሎ ቀርቶ «ትደውል ይሆን?» ማለት፣ ፌስቡኳን ማሰስ፣ ውድ ስጦታ መውሰድ። ብዙ ቦታ ቀጠሮ ከ24 ሰዓት በፊት ካልተሰረዘ ያስከፍላል፤ ስልክ ሲጠብቁ ሒሳብ ይመጣል፣ ቁስሉም እጥፍ ይሆናል። ይልቅ ገና ሲጀምሩ ይጠይቁ፦ በመሃል መልእክት ብልክ ይመልሳሉ? ዋጋ ሲጨምር አስቀድመው ይነግሩኛል? ውጭ ብንገናኝስ? የመጨረሻው ጥያቄ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሐበሻ ቴራፒስት ለያዘ ሰው ትንሽ አይደለም። ሠርግ ላይ አይታዎት ሰላም ሳትል ብታልፍ መናቋ ሳይሆን «በምን ትተዋወቃላችሁ?» የሚል ጠያቂ እንዳይመጣብዎት ነው።

የቴራፒስትዎ ፍቅር ከያዘዎት አይፈሩ። የሥነ ልቦና ትንተና (ሳይኮአናሊሲስ) መሥራቹ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1915 ስለዚህ ጉዳይ ለብቻው ጽፏል፤ ለቴራፒስቷ መናገር ይቻላል፣ መናገሩም የሕክምናው አካል ነው።

እውነተኛውን ክህደት «የኔ ስሜት ነው» ብሎ ማለፍ። ባለሙያው ገንዘብ ከተበደረዎት፣ ንግድ እንጀምር ካለ፣ ወይም ለወሲብ ከፈለገዎት ይህ የስሜት ጉዳይ አይደለም። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ ከታካሚ ጋር ወሲብን ይከለክላል፤ ሕክምናው ካበቃ በኋላም ቢያንስ 2 ዓመት እስኪያልፍ ክልክል ነው። ያቋርጡ፣ ቀኖቹን ይጻፉ፣ መልእክቶቹን አያጥፉ፣ ፈቃድ ለሰጠው አካል ያመልክቱ። «በዚህ ክፍል የተባለው እዚሁ ይቅር» ካለዎት አይስሙት፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታው የእሱ እንጂ የእርስዎ አይደለም።