ማዳበሪያ ሲወደድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰኔ ሲገባ አጎቴ ከደሴ አቅራቢያ ካለችው ኩታበር ይደውሉልኛል። ድሮ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሱት የዝናቡን ነገር ነበር፤ አሁን የማዳበሪያውን ዋጋ ነው። ማዳበሪያው በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ በመሆኑ፣ በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲነሳም ሆነ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ጫናው እስከ ገበሬው ጎተራ ይዘልቃል። ገበሬው ዋጋውን አይቆርጥም። የሚችለው መግዣውን ከየት እንደሚያመጣና የገዛውን እንዴት እንደሚጠቀምበት መወሰን ነው። ቤት ሲናጋ ያየሁትም እዚሁ ላይ ነው።

ከሁሉ የከፋው የእርሻ በሬ መሸጥ ነው። አጎቴ አንድ ዓመት ከጥንዱ አንዱን ሸጠው ማዳበሪያ ገዙ። በአንድ በሬ አይታረስምና ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገቡ። ጎረቤት ደግሞ የራሱን ሳይጨርስ ለሰው አይደርስም። ስንዴው ዘግይቶ ተዘራ፤ ዝናቡ ሲወጣ ገና በቅጡ አላሸተም ነበር። ከምርቱ ዕዳ እንጂ ለጎተራ የተረፈ አልነበረም። የሚያንገበግበኝ፣ ያን ጊዜ በረታቸው ውስጥ ለልጃቸው ሠርግ የተያዙ በጎች መኖራቸው ነው። መሸጥ ግድ ከሆነ በጉና ፍየሉ ይቅደም፤ በሬው መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ሁለተኛው በአራጣ ተበድሮ አውድማ ላይ ለመክፈል መስማማት ነው። ታኅሣሥና ጥር ሁሉም እህሉን ወደ ገበያ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወርዳል። ባለዕዳው በዚያ ዋጋ ይሸጥና ክረምት ላይ ያንኑ እህል ለልጆቹ በውድ ይገዛል። ብድር ከተወሰደ መመለሻው ከአውድማ ራቅ እንዲል አስቀድሞ መደራደር ያስፈልጋል። ከዚያ የሚሻለው ግን ምርቱ እንደገባ የማዳበሪያውን ገንዘብ ለይቶ ዕቁብ መግባትና ዕጣው ከሰኔ በፊት እንዲደርስ መነጋገር ነው። ይህን ባልየው ብቻውን ባይወስነው ጥሩ ነው፤ ጎተራው ስንት ወር እንደሚያበላ አብጥራ የምታውቀው እመቤቲቱ ናት።

ገንዘብ ሲያጥር ኤንፒኤሱን (ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበትን ማዳበሪያ) ትቶ ናይትሮጂን ብቻ የሚሰጠውን ዩሪያ መግዛትም ተለምዷል። ዩሪያ ሰብሉን ቶሎ አረንጓዴ ስለሚያደርግ ዓይን ያታልላል። 50 ኪሎው ከረጢት 23 ኪሎ ናይትሮጂን ይዟል፤ ሥርን የሚያጠነክረው ፎስፈረስ ግን በውስጡ የለም። እሱ ያለው ኤንፒኤስ ውስጥ ነው። ደግሞ ውድ የተገዛውን ዩሪያ በአንዴ፣ ያውም ደረቅ መሬት ላይ መበተን ገንዘብን ለነፋስ መስጠት ነው፤ ናይትሮጂኑ ወደ አየር ይበናል። ከፍሎ፣ ከአረም በኋላ፣ አፈሩ ሲረጥብ ሰጥቶ አፈር ማልበስ ይገባል።

ማዳበሪያ ከሚያከፋፍለው የገበሬዎች ማኅበር ወረፋ ሸሽቶ ከመንገድ ላይ የተከፈተ ከረጢት መግዛትም አለ። ቢያንስ አንድ ጭብጥ ዩሪያ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይጨምሩና ያማስሉት። ንጹሕ ዩሪያ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፤ ብርጭቆውም እጅ ላይ ሲቀዘቅዝ ይታወቃል። ከሥሩ አሸዋ መሰል ዝቃጭ ከቀረ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል። ጨው ግን እሱም ስለሚሟሟ በዚህ አይለይም፤ ስለዚህ ስፌቱ ያልተነካ ከረጢት ይምረጡ።

ዘር ላይ ለመቆጠብ ከዲቃላ በቆሎ ምርት ዘር ማስቀረትም አያዋጣም፤ በዓመቱ ምርቱ ይቀንሳል። የጤፍና የስንዴ ዘር ግን ንጹሑ ተመርጦ ለጥቂት ዓመታት ከቤት ሊዘራ ይችላል።

ከደጋው ኩበት ተሸክመው ደሴ ለገበያ የሚያወርዱ እናቶችን ሳይ ሆዴ ይባባል። ማገዶ የለም፣ ብርም ያስፈልጋል፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን እበቱ ከቤት በወጣ ቁጥር ማሳው ይራባል፤ ከረጢቱም አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል። ሁሉንም ማስቀረት ባይቻል ግማሹን ማስቀረት ይቻላል። አክስቴ ከበረቱ ጀርባ ጥላ ሥር ጉድጓድ አስቆፍረው እበቱን፣ ገለባውን፣ የምድጃ አመዱንና የቤት ጥራጊውን እየደራረቡ፣ እያረጠቡና እያገላበጡ ብስባሽ ያዘጋጃሉ። አምና ለጓሮው ድንችና ጎመን ከአጎቴ ከረጢት አንድ ጭብጥ እንኳ አልወሰዱም።