ለትምህርት ቤት ሙዚቃዊ ተውኔት የመጨረሻ ልምምድ
በድሬዳዋ ተማሪዎችን ለሙዚቃዊ ተውኔት የምታዘጋጁ መምህራን፣ ሙሉ የመድረክ ልብስ ተለብሶ የሚደረገውን የመጨረሻ ልምምድ ትርኢቱ በሚቀርብበት ሰዓት እንድታካሂዱት አጥብቄ እመክራለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላማ ስፍራ በመሆኗ፣ ጠዋት በቀዝቃዛው አየር ያለ ችግር የዘፈነ ልጅ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ካባ ደርቦ ሲዘፍንና ሲጨፍር ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል፤ ይህም አስቀድሞ የሚታወቀው በዚያው ሙቀት ሲለማመድ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ውሃ ይቀመጥ፤ ለስላሳ መጠጥ ግን ልብስ ስለሚያበላሽ ባይገባ ይመረጣል።

በሁለት ዘፈኖች መካከል ልብስ የሚቀይሩትን ልጆች ጊዜ በሰዓት ለኩ። ካልበቃቸው፣ እነርሱን ከማጣደፍ ይልቅ ሙዚቀኞቹ መሸጋገሪያውን ዜማ አንድ ጊዜ እንዲደግሙት ማድረግ እጅግ የተሻለ ነው። ስሕተት ቢፈጠርም ልምምዱን አታቋርጡ፤ አንድ ሰው ጽፎ ይያዘውና በመጨረሻ ተነጋገሩበት።

በአንድ ዝግጅት ላይ መብራት በድንገት ሲጠፋ ልጆቹ በድንጋጤ ዝም ብለው ሲቆሙ አይቼ በጣም አዝኛለሁ። ስለዚህ ቢያንስ አንዱን ዘፈን ድምፅ ማጉያው ጠፍቶ፣ በከበሮና በጭብጨባ ብቻ እስከ መጨረሻው እንዲዘፍኑት አለማምዷቸው።