ያረጀ የቤት መኪና ሲጮህ፣ ሰፊ ጎማም ሲታሰብ፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የቆየ ኮሮላ የሚነዳ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር በአንድ አፍ ይጠይቃል፦ ጫጫታው ይቀነስልኝ፣ ጎማውም ሰፋ ይበልልኝ። ሁለቱ ግን ይጣላሉ። ጎማ በሰፋ ቁጥር አስፋልቱን የሚመታው ጥርስ ይበዛል፣ በጥርሶቹ መካከል የሚታፈነው አየርም ይጨምራል። ሌላው ነገር እኩል ከሆነ ሰፊው ጎማ የባሰ ይጮኻል። ስለዚህ መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ፣ ቀጥሎ ጎማው ይመረጥ፣ የድምፅ ማፈኛ ምንጣፍ መጨረሻ ይገዛ። አብዛኛው ሰው ግን ከምንጣፉ ይጀምርና ወለሉ ሁሉ ተለጥፎ ካለቀ በኋላ ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት የኳስ ቀለበት) እንደ ድሮው ሲያንጎራጉር ይሰማል።

ከ60 በላይ ሲነዳ ያንጎራጉራል፣ ፍጥነት ሲጨምር ይጎላል

ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ጎማና ኩሽኔታ። ሞተሩን ከጉዳዩ ለማውጣት ሜዳ ላይ ለአፍታ ዜሮ ማርሽ ይደረግና ይደመጥ፤ ድምፁ ካልተለወጠ ሞተሩ ነፃ ነው። ይህ ሙከራ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሀረጎ ቁልቁለት ላይ አይሞከርም፤ እዚያ መኪናውን የሚይዘው ማርሹ ነው። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለና ጭር ያለ ቦታ ይሻላል።

ጎማና ኩሽኔታን የሚለየው መንገዱ ነው። ከሻካራ አስፋልት ወደ ለስላሳው ሲገባ ድምፁ ቅላጼውን ከለወጠ ጎማ ነው። ኩሽኔታ መንገድ አይመርጥም፣ በየትኛውም ላይ ያው ነው። የኩሽኔታ ድምፅ የሚለወጠው መሪው ቀስ ተብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዛወዝ ነው። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ቀኝ ጎማ ላይ ይወድቃል፤ ያኔ ከጎላ የቀኙ ተበልቷል።

ለማረጋገጥ መኪናው በክሪክ ይነሳ፣ ከስሩ መደገፊያ ይግባ፣ የቀሩት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ። አንድ እጅ የሾክ አብዞርበሩን ሞላ ይያዝ፣ ሌላው ጎማውን ያሽከርክር። ጤነኛ ኩሽኔታ ሞላው ላይ ምንም አያሰማም፤ የተበላው አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ጣት ላይ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ፤ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ወይም የታችኛው መገጣጠሚያ ልል ነው። የፊት ኩሽኔታ በፕሬስ ተገፍቶ የሚገባ ነው። በመዶሻ እየተመታ ከገባ ኳሶቹ መሄጃቸውን ስለሚቆነጥጡት አዲሱም ብዙ ሳይቆይ መዘመር ይጀምራል። ፕሬስ የሌለው ጋራዥ ሞዞውን (ቸርኬው የሚታሰርበትን የመሃል ክፍል) አውጥቶ ፕሬስ ያለው ቤት መውሰድ አለበት።

ድምፁ የጎማ ከሆነ

መዳፍ በጎማው ጥርስ ላይ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይሂድ። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው እንደ መጋዝ ከያዘ ጥርሱ በአንድ ጎን ተበልቷል፤ ብዙ ጊዜ የአላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) ጉድለት ወይም ጎማዎቹ ቦታ ሳይቀያየሩ መቆየታቸው ነው። በየተወሰነ ርቀት ጎድጎድ ጎድጎድ ካለ ደግሞ ሾክ አብዞርበሩ ደክሟል፤ ጎማው መንገድ ላይ እየነጠረ ነው የሚሄደው። ሾክ አብዞርበር በጥንድ ይቀየራል፣ የላይኛው ላስቲክና ቦኮላዎቹም (የመገጣጠሚያ ላስቲኮቹ) አብረው ይታያሉ። ከዚያ አላይመንት፣ ከዚያ የፊትና የኋላ ጎማ መቀያየር፤ በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር። አንዴ በደንብ የተጎደጎደ ጎማ ግን መንስኤው ቢጠገንም ዝም አይልም፣ ይጣላል።

ሦስተኛው የጎማ ችግር እርጅና ነው። ጎሚስታው «ጋሼ፣ ይሄ ጎማ ገና አዲስ ነው፣ ጥርሱን አይተውታል?» ቢል ጥርሱ ይተውና ጎኑ ይነበብ። ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች 2317 ከሆኑ እ.ኤ.አ. በ2017 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ይደርቃል። ጥፍር ሲጫንበት እሺ አይልም፣ መንገድ ላይ ይጮኻል፣ ዝናብ ላይ ይንሸራተታል። የደሴ ክረምትና የሀረጎ ጉም ባለበት ይህ ከጫጫታ በላይ ነው።

ንፋስ ላይ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፦ ኮምቦልቻ የተሞላ ጎማ ደሴ ሲደርስ ይለወጣል ወይ? ደሴ በ650 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል የውጪው አየር ጫና ይቀንሳል፤ በዚህ ብቻ መለኪያው 1 ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ያሳያል። የደሴ ብርድ ግን ያንኑ ያህል መልሶ ይቀንሰዋል። ሁለቱ ይጣፋሉና ከከተማ ከተማ ማስተካከል አያስፈልግም። ማስተካከል ያለበት ሰዓቱ ነው፦ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ። ሀረጎን የወረደ ጎማ በፍሬኑ ሙቀትና በራሱ መተጣጠፍ ሞቆ ከፍ ያለ ንባብ ይሰጣል። ያኔ ንፋስ የሚያስተነፍስ ሰው በማግስቱ ጎማው ጎድሎ ያገኘዋል። ጫጫታ ይቀንሳል ተብሎ ንፋስ ማጉደልም አይሠራም፤ የጎማው ዳርና ዳር ይበላል፣ ጎኑ ይሞቃል።

ሰፊ ጎማ፦ ከመግዛት በፊት ያለው ሒሳብ

ፋብሪካው 175/65 አር 14 ለሰጠው መኪና ምሳሌ እንውሰድ። 175 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 14 የቸርኬው ኢንች ነው። ሙሉ ቁመቱ 583 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 185/60 አር 14 ደግሞ 578፣ 185/65 አር 14 596፣ 195/50 አር 15 576 ናቸው። ከመጀመሪያው ቁመት 2 በመቶ አካባቢ ካልራቀ ችግር የለም። 185/65 ሲገባ ቆጣሪው 80 ሲል መኪናው ወደ 82 እየሄደ ነው፤ ማርሹም ያንኑ ያህል ይረዝማል። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፣ ሞተሩም ያንን ጉልበት አጥቷል። ሀረጎን በሁለተኛ ማርሽ ከነጭነቱ ለሚወጣ 1.3 ሞተር ይህች ትንሽ ልዩነት ትሰማለች።

195/50 በቁጥር ያምራል፤ ነገር ግን ጎኑ 114 ከነበረው ወደ 97.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ኮብልስቶንና ጉድጓድ የሚቀበለው ያ ጎን ነው። ለዚህ አገር መንገድ የሚሻለው 185/65 ወይም 185/60 ነው፤ ከዚያ በላይ መስፋት መልክ ብቻ ነው። 185/60 ከ5 እስከ 6.5 ኢንች ስፋት ባለው ቸርኬ ላይ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ነባሩ 5.5 ይበቃል። የጎማው የጭነት ቁጥርም ከፋብሪካው አይነስ።

መሪው ሲጠመዘዝ ወይም ከኋላ ሰው ሲጫን ይፋተጋል

መንስኤው በአብዛኛው ከጎማው ይልቅ የቸርኬው ኦፍሴት ነው፤ ይኸውም ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከስፋቱ መሃል በሚሊ ሜትር የሚርቀው ነው። 5.5 ኢንች፣ ኦፍሴት 45 የነበረ ቸርኬ በ6.5 ኢንች፣ ኦፍሴት 38 ቢተካ ከንፈሩ ወደ ውጪ 20፣ ወደ ውስጥ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ወደ ውጪ የሄደው ፓራፋንጎውን ይነካል፣ ወደ ውስጥ የሄደው ሾክ አብዞርበሩን። የት እንደሚነካ ለማወቅ የፓራፋንጎው ውስጥ ጠመኔ ይቀባና ሦስት ሰው ከኋላ አስቀምጦ አንድ ዙር ይነዳ፤ ጠመኔው የጠፋበት ቦታ ይናገራል። ሞላው ያረጀ ከሆነ መኪናው ስለሚሰግድ የሚቀየረው ሞላው ነው። የፓራፋንጎን ከንፈር በመዶሻ ማጠፍ ቀለሙን ይሰነጥቃል፣ ዝገቱም ከዚያው ይጀምራል። ይልቅ ኦፍሴቱ ትክክል የሆነ ቸርኬ ይፈለግ።

ቸርኬ ከተቀየረ በኋላ ከ80 እስከ 100 መካከል መሪው ይንቀጠቀጣል

ባላንስ ተሠርቶም ካልጠፋ የመሃል ቀዳዳው ይለካ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጣው ኮሮላ ሞዞ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለብዙ መኪና ተብሎ የሚሠራ ቸርኬ ቀዳዳ ግን ብዙ ጊዜ 73.1። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ካልገባ ቸርኬው መሃል አይይዝም። የብሎኖቹ ርቀት ለዚህ ኮሮላ 4 በ100 ሲሆን የኋላ ጎማ የሚነዳው አሮጌው ዲኤክስ 4 በ114.3 ነው፤ ቀዳዳ አስፍቶ ማስገባት ጎማ መንገድ ላይ ማስጣል ነው።

ቸርኬውን የሚያስረው ዳዶም ይታይ። የቶዮታ የራሱ አሉሚኒየም ቸርኬ ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው ረጅም ዳዶ ይወስዳል፣ የውጪው ደግሞ ሾጣጣ። አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ ቢጠብቅም ይላላል። ጥብቀቱ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ በሩብ ሜትር ቁልፍ 42 ኪሎ እንደመጫን። በመስቀል ቅደም ተከተል ይጠበቅ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ እንደገና ይታይ። ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) የድሮው ቸርኬ ከሆነ የድሮዎቹ አራት ዳዶዎች አብረውት ይቀመጡ።

ሌሎች ድምፆች፣ ባጭሩ

በ2,000 እና 2,500 ዙር መካከል ብቻ የሚያስተጋባ ከሆነ የማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ማንጠልጠያ ላስቲክ ወይም የሞተሩ መቀመጫ ነው። የሚያፏጭ ከሆነ የበር ላስቲክ፦ ወረቀት በሩ ላይ ተደርጎ ይዘጋ፤ ሲሳብ ያለ ችግር ከወጣ እዚያ ቦታ ይነፍሳል። ጠጠር እንደ ቆሎ የሚንጣጣ ከሆነ የፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክ ወድቋል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ መንገዱ አሁንም ከተሰማ

አሁን ምንጣፍ ይለጠፍ። የሚገዛው 2 ሚሊ ሜትር የቡቲል ምንጣፍ ነው። ላሜራውን ሙሉ መሸፈን አያስፈልግም፤ ሩቡ እስከ ግማሹ ሲያዝ መንቀጥቀጡ ይቆማል። ቅድሚያው የኋላ ጎማዎች ጉብታ፣ ቀጥሎ የስኮርታ ጉድጓድ፣ ቀጥሎ የፊት በሮች። ላሜራው በአልኮል ይጠረግ፤ ቤንዚን ቅባት ይተዋል። በትንሽ ሮለር የፎይሉ መስመሮች እስኪጠፉ ይዳመጥ። ከላዩ ውኃ የማይመጥ ስፖንጅ ይንጠፍ። ርካሽ ነው ተብሎ የጣሪያ ሬንጅ መለጠፍ በኮምቦልቻ ሙቀት ይሸታል፣ ይንጠባጠባል። የፍራሽ ስፖንጅ ደግሞ ውኃ ይዞ ላሜራውን ያበሰብሳል። በሮቹ ታች ያሉት ትናንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች አይደፈኑ፤ በር ሲከፈት ውስጡ ውኃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ ተደፍነዋል ማለት ነው።